ፓይን ማርተን ሲመለስ ግራጫው ስኩዊረል ለምን ይጠፋል? ቀዩስ ለምን ይተርፋል?

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ። ክሩ (ይሄ የውይይት ሰንሰለት) በጣም ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ እየጠየቀ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የለጠፍኩትን እንደገና አስቀምጬ ከዛ እስካሁን የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እየጠራሁ ማን ምን እንዳለ ልንገራችሁ። በየመሀሉ የራሴንም ሐሳብ አስገባለሁ፣ ጉዳዩ የምር ስለሚያሳስበኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዓመተ ምሕረቱም ወቅቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።

የመጀመሪያው ፖስት

የምኖረው ሰሜን አየርላንድ ነው። እዚህና ብሪታንያ ያላችሁ ሁለቱንም ስኩዊረሎች፣ ዛፍ ላይ የሚኖሩትን ጅራታቸው ጎፈር ያለ ትንንሽ እንስሳት፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቀዩ የአገሩ ነው፣ ክብደቱ 300 ግራም አካባቢ ነው፣ ብርድ ሲገባ ጆሮው ጫፍ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ግራጫው ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የመጣ ነው፣ ከቀዩ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ በ1876 ቼሻየር ላይ ባለርስቶች ለግቢ ማሳመሪያ ብለው ለቀቁት፣ አየርላንድ ደግሞ በ1911 ሎንግፎርድ ካውንቲ (አውራጃ) ካስል ፎርብስ የሚባል ግቢ ውስጥ ለሰርግ ስጦታ ተብሎ በቅርጫት መጥቶ ጫካ ገባ። ከዛ ወዲህ ቀዩ በደረሰበት ሁሉ እየተገፋ ነው። ግራጫው ሄዝልነት የሚባለውን የጫካ ለውዝ ገና ጥሬ ሳለ ለቅሞ ይጨርሰዋል፣ ቀዩ እስኪበስል ሲጠብቅ ዛፉ ባዶ ይሆናል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬም ለግራጫው ሆድ ይስማማል ለቀዩ ግን ብዙም አይሆነውም። በዛ ላይ ስኩዊረል ፖክስ የሚባል ቫይረስ ተሸክሞ ይዞራል፣ እሱን ብዙም አይነካውም፣ ቀዩን ግን ዓይኑንና አፉን አቁስሎ በሁለት ሳምንት ገደማ ይገድለዋል። አሁን ብሪታንያ ውስጥ ግራጫው 2.7 ሚሊዮን አካባቢ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ቀዩ 300,000 አይሞላም፣ አብዛኛው ደግሞ ስኮትላንድ ነው ያለው።

ለብዙ ዓመት በወጥመድም በጠመንጃም ተሞክሯል፣ አንዱ ጫካ ሲጸዳ ከጎረቤቱ ጫካ ይሞላል። ሁኔታውን የቀየረው ግን ፓይን ማርተን የሚባለው የአገሩ አዳኝ እንስሳ ነው። እሱም በወጥመድ፣ በመርዝና በደን ጭፍጨፋ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ አየርላንድ በ1976 በሕግ ስትከለክል ብሪታንያ ደግሞ በ1988 ሙሉ ጥበቃ ስትሰጠው ቀስ በቀስ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። በ2014 የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤማ ሺሂና ኮሊን ሎተን ያወጡት ጥናት አየርላንድ መሀል አገር ላይ፣ ሊሽና ኦፋሊ ካውንቲዎች አካባቢ፣ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎሜትር ከሚጠጋ ቦታ ግራጫው እንደጠፋና ቀዩ ተመልሶ እንደገባበት አሳየ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ሁለቱም ስኩዊረል ናቸው፣ ሁለቱም ለማርተን ሥጋ ናቸው፣ አንዱ አልቆ ሌላው የተረፈው ለምንድነው? የኔ እምነት ቀዩ ጠላቱን ስለሚያውቀው ነው፣ ግራጫው ደግሞ አያውቀውም። ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

1 ላይ የጻፈው ወንድም ከበርሚንግሃም ነው፣ በጨዋነት አመስግኖ ፓይን ማርተን የሚባል እንስሳ ስሙንም ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረንና ምን እንደሚመስል ጠየቀ። ብዙ ሰው ይሄን ስለጠየቀ እዚሁ ልመልስ። ቁመቱ የቤት ድመት ያህላል ግን ቀጠን ያለ ነው፣ ክብደቱ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ፀጉሩ ቸኮሌት ቡኒ፣ ጅራቱ ጎፈር ያለ፣ ከጉሮሮው እስከ ደረቱ ክሬም ወይም ቢጫ የሆነ ሰፊ ምልክት አለው። አገር ቤት ያደጋችሁ ሽለምጥማጥን አስቡት። ዛፍ ላይ መሮጥ ያውቅበታል። የሚበላው ስኩዊረል ብቻ አይደለም፣ አይጥ፣ ወፍ፣ እንቁላል፣ ጥንዚዛ፣ መኸር ላይ ደግሞ ቤሪ የሚባለውን ትንንሽ የጫካ ፍሬ በብዛት ይበላል።

2 አጭር ነበር፣ ደስ የሚል ርዕስ ነው ቀጥሉበት የሚል።

3 የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። ጸሐፊው ዱብሊን ነው የሚኖረው፣ ነገሩ ሁሉ የሻነን ወንዝ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ግራጫው ሻነንን ወደ ምዕራብ መሻገር ስላቃተው ነው ቀዩ የተረፈው፣ ማርተን ባልሠራው አትሸልሙት ነው ነገሩ። ግማሹ እውነት ነው፣ ምዕራቡ በሻነን ምክንያት ለረጅም ጊዜ የቀዩ ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

4 ግን ይሄን በደንብ መለሰለት፣ ትንሽ ቆጣ ባለ አነጋገርም ቢሆን። ሊሽ ከሻነን ምሥራቅ ነው ያለው፣ ኦፋሊም ወንዙ ድንበሩ ሆኖ ምሥራቅ ነው ያለው፣ ግራጫው እዛ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሠፍሮ ኖሮ ነው የጠፋው፣ ወንዝ የገባውን እንስሳ መልሶ አያስወጣም ብሎ ካርታውን እንዲያይ ነገረው። ቀጥሎ ስኮትላንድን አመጣ። እዛ በ2018 የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሺሂን ጨምሮ የሠሩት ነው፣ ጫካ ውስጥ ምግብ ያለበት ሳጥን ሰቅለው አፉ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አደረጉበት፣ ማርተንም ስኩዊረልም ሊበላ ሲገባ ጥቂት ፀጉር ትቶ ይሄዳል፣ ከፀጉሩ በዲኤንኤ የትኛው ማርተን የት የት እንደሚደርስ ተለየ። የወጣው ውጤት ማርተን በተደጋጋሚ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ግራጫ የመገኘቱ ነገር እየቀነሰ፣ ቀዩ ደግሞ እየጨመረ መሄዱ ነው። እዛ ሻነን የለም።

5 በሂሳብ ነው የመጣው። አንድ ማርተን ሰፊ ግዛት ይዞ ነው የሚኖረው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው፣ ግራጫው በሚሊዮን ነው፣ በልቶ ሊጨርሰው አይችልም ብሎ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው ግን ማርተን ሁሉንም መብላት አይጠበቅበትም እኮ። ጎጆ ውስጥ ያለውን ግልገልና የምታጠባዋን እናት ከወሰደ በቀጣዩ ዓመት የሚተካ የለም፤ ከጎረቤት ጫካ እየመጣ የሚሞላውም ማርተን እዛም ስላለ ይቀንሳል። ወጥመድ የያዘ ሰው ደግሞ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይሄዳል፣ ማርተን እዛው ነው የሚያድረው።

6 በኔ እይታ ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊዋ እህት እዚሁ ሰሜን አየርላንድ ቀዩን ከሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ጋር ትሠራለች፣ የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲዎች በ2020 ያወጡትን የሽታ ሙከራ አነሳች። መመገቢያ ሣጥን ላይ የማርተን ሽታ አድርገው በካሜራ ያዩት ነው። ቀዩ ሽታው ያለበት ሣጥን ጋ መምጣቱን ቀነሰ፣ የመጣውም ቢሆን ከመብላት ይልቅ ዙሪያውን ማየት አበዛ። ግራጫው ምንም አልመሰለውም። እሷ ራሷ የምትሞላው ሣጥን ላይ ደግሞ ያየችውን ጻፈች፦ ቀዩ የሣጥኑን ክዳን በአናቱ ገፋ አድርጎ ኦቾሎኒውን ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ግን ማርተን ሌሊት የሣጥኑ ጣሪያ ላይ ኩሱን ጥሎ ሄዶ ጠዋት ቀዩ ከግንዱ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ጅራቱን እያርገበገበ ብዙ ቆይቶ ሳይበላ ወደላይ ተመለሰ። ያን ሳነብ የጠየቅኩት ጥያቄ ግማሹ የተመለሰ መሰለኝ። ቀዩና ማርተን በዚህ አህጉር ላይ አብረው የኖሩት ለሺህ ዓመታት ነው፣ የግራጫው ዘር ከመጣ ገና 150 ዓመት አካባቢ ነው፣ ከዛም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ማርተን በሌለበት ነው የኖረው። ጅብ ባለበት አገር ያደገ ሰው ሲመሽ በሩን ይዘጋል፣ እንግዳው ግን ከፍቶት ይተኛል፤ እንደዛ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የክብደቱንም ነገር ያነሳሉ፣ ቀዩ ቀላል ስለሆነ ማርተን ሊከተለው የማይችልበት ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ ግራጫው ግን ከባድ ነው፣ መሬት ላይም ብዙ ይውላል።

7 እና 8 ወደ ዶሮ ወሰዱን። ስኮትላንድ ገጠር ውስጥ የምትኖር እህት ማርተን ሌሊት ገብቶ ዶሮዎቿን አንድም ሳያስቀር እንደጨረሳቸው፣ የበላው ግን ጥቂቱን ብቻ እንደሆነ ጽፋ በጣም አዘነች፣ ለእንስሳው የምናሳየው ፍቅር እሷን አላስደሰታትም። 8 ላይ ያሉት አባት ደግሞ ወሎ ልጅ ሆነው ሽለምጥማጥ ከቆጡ ላይ ዶሮ ሲወስድ እናታቸው ኩራዝ ይዘው እንዴት እንደሚወጡ አስታወሱ፣ ከዛ እሳቸውን ተከትሎ ብዙ ሰው የዶሮ ታሪክ አወራ። ለእህታችን የምለው የእውነት ያሳዝናል፣ የጠፋ አዳኝ ሲመለስ ዋጋውን የሚከፍለው ገጠር ያለው ሰው ነው እንጂ ከተማ ሆኖ የሚያጨበጭበው አይደለም። መፍትሔው ግን አለ፣ ቤቱን ሲመሽ መዝጋት፣ ጠባቧን ቀዳዳ ሳትቀር በጠንካራ ሽቦ መድፈን፣ ከተቻለ ዙሪያውን የኤሌክትሪክ አጥር ማድረግ። ማርተኑን መግደል ወይም ማጥመድ ግን ወንጀል ነው፣ እንዳትሞክሩት።

9 ላይ ነው ነገሩ የከረረው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ግራጫው እዛ የአገሩ እንስሳ እንደሆነ፣ በየጠዋቱ በረንዳዋ ላይ እንደሚመጣ፣ ልጆቿ ስም እንዳወጡለት ጽፋ በእንስሳ ሞት እንዴት ትደሰታላችሁ አለች። ልክ ናት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ግራጫው ቦታው ላይ ነው፣ እዛ ጭልፊቱም ቀበሮውም አብረውት የኖሩ ናቸው። 10 ግን ከዛ አልፎ ነገሩን ወደ ሰው አዞረው፣ ከሌላ የመጣ ይጥፋ የሚል ወሬ አገራችን ላይ ምን እንዳመጣ እያያችሁ እዚህ ደግሞ ስለ ስኩዊረል ትደግሙታላችሁ ብሎ ክፉኛ ወቀሰን። 11 ስድብ ስለነበረ አድሚኑ አጠፋው።

ለ10 በግል የጻፍኩለትን እዚህም ልድገመው። ስሜቱ ይገባኛል፣ የሚያመውን ነገር ነው የነካው። ግን ሰው ሰው ነው፣ የትም ቢሄድ መብት አለው፣ እኔም ስደተኛ ነኝ። ግራጫው ጥፋት የለበትም፣ በቅርጫት አስገብተው የለቀቁት ባለርስቶች ናቸው፣ እሱ የሚያውቀውን ኑሮ ነው የሚኖረው። እኛ የምናወራው ስለ አንድ ጫካ ነው፣ ግራጫው አሜሪካ ላይ አይጠፋም፣ ቀዩ ግን ከእንግሊዝ ቢጠፋ ከእንግሊዝ ጠፋ ማለት ነው። እንስሳትን እያነሱ ሰውን መስደብ የሚፈልግ ካለ እዚህ ክር ላይ ቦታ የለውም፣ ይሄን ግልጽ ላድርገው።

12 ያበረደን ዌልስ ውስጥ ደን ላይ የሚሠራ ወንድም ነው። ግራጫው ዛፍ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዝርዝር ጻፈ፤ ከፀደይ መጨረሻ እስከ በጋው አጋማሽ የቢችን፣ የሲካሞርንና የኦክን ወጣት ዛፎች ቅርፊት በጥርሱ እየላጠ ከውስጡ ያለውን ጣፋጭ ክፍል ይበላል፣ ግንዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ዙሪያውን ከላጠው ከዛ በላይ ያለው ይደርቃል፣ ንፋስ ሲመጣ ጫፉ ይሰበራል። ሰው ከ20 ዓመት በፊት የተከለው ዛፍ አንድ ሰሞን ውስጥ ለማገዶ ብቻ የሚሆን እንጨት ይሆናል። በ2015 እና 2017 መሀል ከስኮትላንድ 51 ማርተኖች መሀል ዌልስ ላይ መጥተው ሲለቀቁ እዛ አካባቢ የነበረ ደን ሠራተኛ ሁሉ በተስፋ እንደሚጠብቅ ነገረን።

13 ወደ ወንዝ ሄደ። ሚንክ የሚባለውን ታውቁት ይሆናል፣ ከአሜሪካ ለፀጉሩ እርባታ ተብሎ መጥቶ ያመለጠ፣ ወተር ቮል የሚባለውን የወንዝ ዳር አይጥ የጨረሰ እንስሳ ነው። ጸሐፊው ኦተር፣ የአገሩ የውሃ አዳኝ፣ መርዛማ ፀረ ተባይ ከታገደና አደኑ ከተከለከለ በኋላ ወደ እንግሊዝ ወንዞች ሲመለስ ሚንክ ቀነሰ፣ ስለዚህ ያው ታሪክ ነው አለ። 14 ቆይ ቆይ አለችው፣ በትሕትና ግን አጥብቃ። ሚንክ የቀነሰበት ቦታ አለ፣ ሌላ ቦታ ግን አልሄደም፣ ጸባዩን ነው የቀየረው፤ ኦተር በሌለበት ጊዜ ሌሊት ይንቀሳቀስ የነበረው ኦተር ሲመለስ ቀን ቀን መውጣት ጀመረ፣ ከዓሣ ይልቅም የብስ ላይ ያለ ምግብ ላይ አተኮረ። ስለዚህ ኦተር መጣ ብሎ የሚንክ ወጥመዱን የሚያነሳ ሰው ወተር ቮሉን ያስጨርሳል። ይሄ መልስ ትልቅ ትምህርት አለው፣ ሚንክ ከጉልበተኛው ጋር ሰዓት ተካፍሎ መኖር ችሏል፣ ግራጫው ግን ከማርተን የሚደበቅበት ሰዓት የለውም፣ ቀን ዛፍ ላይ ቢውል ሌሊት ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

15 የክሩ ሁሉ ዋና ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ቤልፋስት የተማረ ወንድም ነው፣ አነጋገሩ ሹል ነው፣ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ተረት እንዳይሆን ብሎ ነው የጀመረው። በ2022 ከዛው ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጆሹዋ ትዋይኒንግና ባልደረቦቹ ያወጡትን አመጣ። በመላው ሰሜን አየርላንድ ካሜራ ተክለው ነው የሠሩት። ማርተን ግራጫውን በየትኛውም ዓይነት ጫካ ይቀንሰዋል። ቀዩ ላይ ያለው ነገር ግን እንደ ጫካው ይለያያል፣ ቅጠሉ ሰፊ በሆነ የአገሩ ዛፍ ጫካ ውስጥ ማርተን መኖሩ ለቀዩ ይጠቅመዋል፣ ትልልቅ የባዕድ ኮኒፈር (እንደ ጥድ ቅጠሉ መርፌ የሚመስል ዛፍ) ፕላንቴሽን፣ ማለትም ሰው ለእንጨት የተከለው ደን፣ ውስጥ ግን ይጎዳዋል። ማለትም ያ የምንለው የድሮ ትውውቅ የሚሠራው የድሮው ቤት ካለ ነው። ፕላንቴሽን ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል፣ ሲትካ ስፕሩስ የሚባለው ኮኒፈር በመስመር ተተክሎ፣ ሁሉም እኩያ፣ ከሥሩ ጨለማ፣ ሣር እንኳን የለም፣ ቤሪ የለም፣ ማርተን ሌላ የሚበላው ነገር ትንሽ ነው፣ ቀዩም የሚሸሸግበት ቦታ ትንሽ ነው። አሁን አስቡት፣ ቀዩን ለማዳን ተብሎ ለብዙ ዓመት ሲመከር የነበረው ኮኒፈር ትከሉ የሚል ነው፣ ምክንያቱም ትንንሽ ፍሬውን ቀዩ ይችለዋል፣ ግራጫው ብዙም አይወደውም፣ ማርተን በሌለበት ጊዜ ይሄ ትክክል ነበር። ማርተን ሲመለስ ግን ያው መጠለያ ወጥመድ ሊሆን ነው። አየርላንድ ደግሞ ከመሬቷ 11 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው ደን የሆነው፣ ከሱም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ሲትካ ስፕሩስ ነው።

ለኔ የዚህ ክር ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አዳኙን ብቻ መልሰን ጫካውን ካልመለስን የጀመርነው ግማሽ ሥራ ነው። ኦክ፣ በርች፣ ሄዝል፣ ሆሊ ያለበት የተቀላቀለ ጫካ እስካልተተከለ ድረስ ማርተን መጣ እያሉ ማጨብጨብ አይበቃም፣ ደን ላይ የሚወስኑ ሰዎች ይሄን ማየት አለባቸው፣ እኔ በበኩሌ የአካባቢያችን ተወካይ ጋ በጻፍኩ ቁጥር ይሄንኑ ነው የማነሳው።

16 ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቤልፋስት ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሰፈሩ ፓርክ ላይ ግራጫው እንደ ልብ እንደሆነ፣ ማርተን የሚባል እንደሌለ ጻፈ። ልክ ነው፣ ማርተን ዛፍ የበዛበትን እንጂ ከተማ መሀል አይወድም፣ በ2021 የወጣው ጥናትም ግራጫው ከተማና ከተማ ዳር ላይ ተሸሽጎ ሊቀር እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ እዛ የሰው ሥራ አይቀርም። ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ደሴት ላይ በ1998 ተጀምሮ በወጥመድ ብቻ ግራጫው ጨርሶ ወጥቶ ቀዩ በብዛት ተመልሷል፣ ደሴት ስለሆነ ነው የተቻለው፣ እሱም ቢሆን ደሴቱን ከየብሱ በሚያገናኙት በሜናይ ድልድዮች ላይ ተሻግሮ የሚመጣውን ነቅቶ መጠበቅ ይፈልጋል።

17 ከቶሪኖ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ጣሊያን ውስጥ ግራጫው የመጣው በ1948 ስቱፒኒጂ ላይ ነው፣ ቶሪኖ አጠገብ፣ ያኔ የተለቀቁት አራት ብቻ ነበሩ። በ1997 ራኮኒጂ ፓርክ ላይ ለማስወገድ ተሞክሮ የእንስሳት መብት ድርጅቶች ከሰሱና ሥራው ቆመ፣ ክሱ እስኪያልቅ እንስሳው ተስፋፋ። የሱ ጥያቄ አልፕስን ተሻግሮ ፈረንሳይ ቢገባ እዛ ያለው ማርተን ይይዘው ይሆን የሚል ነበር። ተራራው ጫካ ላይ ተስፋ አለ፣ እዛው ጣሊያን ፖ ሸለቆ ላይ ያለው የእርሻ መሬትና የከተማ ዛፍ ግን እንደ ቤልፋስት ፓርክ ነው የምቆጥረው።

18 ጣናን አነሳ፣ አልደነቀኝም፣ ሁላችንም ልባችን እዛ ነው። እምቦጭ ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ ታየ፣ ለሱስ የሚሆን የአገር ውስጥ ጠላት የለም ወይ አለ። 19 በአጭሩ መለሰለት፦ እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፣ ጠላቶቹ እዛ ቀርተዋል፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተለቀቀው ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ ከእምቦጩ አገር የመጣ ነው እንጂ የቪክቶሪያ ነባር አይደለም፣ ስለዚህ ይሄ ሌላ ዘዴ ነው፣ ከማርተን ጋር አይቀላቀል። ጥሩ አድርጎ ለየው። ስለ እምቦጭ ለብቻው ክር ቢከፈት እኔም እገባለሁ።

20 ደግሞ ስኮትላንድ ሃይላንድስ ሆቴል የሚሠራ ወንድም ነው፣ በጣም ተናዶ ነው የጻፈው። እዛ ካፐርኬይሊ የሚባል ትልቅ የጫካ ወፍ አለ፣ የቀረው ከ500 ብዙም የማይበልጥ ነው፣ መሬት ላይ ነው የሚጥለው፣ ማርተን እንቁላሉን ይበላዋል። አንዱን ብርቅዬ ለማዳን ሌላውን ታስበላላችሁ ነው የሚለው። ንዴቱ እውነተኛ ነው። ግን እዛው ኬርንጎርምስ ላይ የተሞከረ ነገር አለ፣ በእንቁላል ወቅት የሞተ አጋዘን ሥጋ ከጎጆ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ማርተን ሥጋው ላይ ሲውል ለሙከራ የተቀመጡት ጎጆዎች መዘረፋቸው በጣም ቀነሰ። ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ አንዱን ለአንዱ መሠዋት ሳያስፈልግ የሚሠራ ዘዴ ካለ እሱን ነው መግፋት ያለብን።

21 ከኤክሰተር ነው፣ በ2024 መኸር እዛው ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር ላይ 15 ማርተኖች መለቀቃቸውን ሰምቶ ግራጫው መቼ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት እናያለን ወይ አለ። 22 ላይ እኚያው የወሎው አባት ናቸው የመለሱት፣ ይሄን ሁሉ አንብበው መምጣታቸው ገርሞኛል። ማርተን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወልደው፣ ሁለት ሦስት ግልገል ነው፣ በበጋ ተገናኝቶ ጽንሱ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ሳያድግ ይቆያል፣ በፀደይ ይወለዳል፣ ስለዚህ ልጄ ታገሥ አሉት። አየርላንድ ላይም ማርተን በሕግ ከተጠበቀበት ጊዜ ግራጫው ጠፋ እስከተባለበት ድረስ ወደ 40 ዓመት አልፏል። ሌላው ችግር ዋሻ ያለው አሮጌ ዛፍ ማጣቱ ነው፣ ለዛ ነው ሰዎች ከፍ ያለ ዛፍ ላይ የእንጨት ሣጥን የሚሰቅሉለት። ግቢያችሁ ውስጥ ወይም መንደራችሁ አጠገብ የተቦረቦረ አሮጌ ዛፍ ካለ አደጋ ከሌለው አታስቆርጡት። ቀዩ ባለበት አካባቢ የምትኖሩም የወፍ መመገቢያችሁን ግራጫው እንዳይበላበት አድርጉ፣ ሁለቱ አንድ ሣጥን ላይ ከበሉ ቫይረሱ የሚተላለፈው እዛ ላይ ነው።

23 ትናንት ማታ የገባው ነው፣ ኤኒስኪለን አካባቢ የምትሠራ እህት በሌሊት ሽፍት ስትመለስ መንገድ ያቋረጠ ቡኒ እንስሳ አይታ ማርተን ይሁን ሚንክ አላወቀችም። እህቴ፣ ሚንክ ከሆነ ትንሽ ነው፣ ጥቁር ይመስላል፣ ነጩ አገጩ ላይ ብቻ ነው፣ ጅራቱም ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከውሃ አይርቅም። ማርተን እግሩ ረዘም ይላል፣ ሲሮጥ ይዘላል፣ ጆሮው ክብና ጫፉ ነጣ ያለ ነው፣ ከፊት ለፊት ካየሽው ደግሞ ቢጫው ደረቱ አያሳስትም። የመኪናሽ ካሜራ ቀርጾት ከሆነ ቪዲዮውን እዚሁ ለጥፊው፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጨምሪበት።